ከፎቶው ሥር የጎደለው ስም

ኤግዚቢሽን መሄድ የምትወዱ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ የእኛን ማኅበረሰብ የሚያሳይ ፎቶ ፊት ስትቆሙ፣ ፎቶውን አይታችሁ ስትጨርሱ ከሥሩ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀትም አንብቡ። የፎቶ አንሺው ስም አለ። ዓመቱ አለ። ቦታው አለ። ፎቶው ውስጥ ያለው ሰውስ? ብዙ ጊዜ «ከኢትዮጵያ የመጡ ኦሊም»፣ «አንዲት እናት በስግድ ጸሎት ላይ»፣ «አዛውንት ቄስ» ይላል። በቃ፣ አለቀ።

እኔ ተማሪ ነኝ፤ ፎቶ ባለበት ሁሉ እሄዳለሁ። ቴል አቪቭ ሙዜዮን ኤሬጽ ይስራኤል ለዓመታት የአገር ውስጥ የዜና ፎቶዎችን «ዔዱት መኮሚት» በሚል ስም፣ ከዓለም አቀፉ «ወርልድ ፕሬስ ፎቶ» ጎን ለጎን ሲያሳይ ቆይቷል፤ እሱን ማየት ጥሩ ልማድ ነው። ኢየሩሳሌም ሙስራራ ሰፈር የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት አለ። ቤር ሸቫ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ በኦቶማን ዘመን ለገዥው መኖሪያ በተሠራው ቤት፣ የኔጌቭ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። የየሰፈራችን ማትናስም አዳራሹን ያውሳል። ከእነዚህ ቦታዎች ስንወጣ ጓደኞቼ የሚሉትን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «ሁልጊዜ ምስኪን አድርገው ነው የሚያሳዩን» ይላሉ። እውነት አላቸው። ግን እኔ ከዚያ የሚቀድም ችግር ያለ ይመስለኛል። ምስኪን ያልሆነ፣ ያማረ፣ የተከበረ ፎቶም ቢሆን፣ ሰውየው ስም ከሌለው ያው ነው። ጌጥ ሆነ እንጂ ሰው አልሆነም።

የስግድን ፎቶ እንውሰድ፣ ሁላችንም የምናውቀውን። ስግድ በ2008 በክኔሴት ሕግ የአገር በዓል ከሆነ ወዲህ፣ በየዓመቱ ሔሽቫን 29 ቀን ኢየሩሳሌም አርሞን ሐናፂቭ ላይ ካሜራ የያዘ ሰው አይጠፋም። የሚወጣው ፎቶ ግን ከዓመት ዓመት አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ባለ ቀለም ጃንጥላ፣ ነጭ ነጠላ፣ ወደ ሰማይ የተዘረጋ መዳፍ፣ የተጨፈነ ዓይን፣ ከኋላ ከተማው። ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ያን ቀን እዚያ የነበረ ሰው ሌላም ነገር አይቷል። ከየከተማው የመጡትን አውቶቡሶች፣ ለዓመት ያህል ሳይተያዩ ቆይተው የሚተቃቀፉትን ሴቶች፣ ጸሎቱ ሳያልቅ እርስ በርስ የሚፈላለጉትን ወጣቶች፣ ጾሙ ሲፈታ የሚቆረሰውን ዳቦ። ፎቶ አንሺው የሚመርጠው ሰው ካሜራውን የማያይባትን ሰከንድ ነው። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ደግሞ «ማን ነህ?» ተብሎ አይጠየቅም። ስሙ የሚጠፋው መግለጫ ሲጻፍ ብቻ አይደለም፤ መዝጊያው በሚጫንበት ሰዓት መጥፋት ጀምሯል።

የዜና ፎቶ መግለጫ መሠረታዊ ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፤ ማን? ምን? የት? መቼ? እኛ ጋ ሲደርስ «ማን» የሚለው ተዘሎ «ምን ዓይነት ሰው» በሚለው ይተካል። በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ መጡ። የዚያን ቀን ፎቶዎች በመንግሥት የፕሬስ ቢሮ ማኅደርም በጋዜጦችም አሉ፤ ብዙዎቻችሁ አይታችኋቸዋል። መቀመጫው ተነቅሎ ወለሉ ላይ የተቀመጡ ሰዎች፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ግንባራቸው ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው ልጆች። ቁጥሩ የተለጠፈው ቤተሰብ እንዳይጠፋፋ ነው ይባላል፤ ለችኮላው ሰዓት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ፣ ያ ልጅ የልጆች አባት ሆኖ እያለ፣ መግለጫው አሁንም ብዙ ጊዜ «አዲስ ገቢዎች» ነው የሚለው። ቁጥሩ ከግንባሩ ከተነሳ ቆየ፤ ስሙ ግን አልተተካለትም።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ ነገር ማስታወስ አለብን። ስም መደበቅ ነፍስ ያዳነበት ጊዜ ነበር። ሱዳን ካምፕ ውስጥ ወላጆቻችንና አያቶቻችን ማንነታቸውን ሸሽገው ነው የኖሩት። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ወደ 8,000 ሰው ያመጣው ዘመቻ ሙሴ በምስጢር ይካሄድ ነበር፤ ወሬው ሲወጣም ቆመ። ስለዚህ ከዚያ መንገድ የቀረን ፎቶ ጥቂት ነው። በመንገድና በካምፕ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ለእነሱ ኢየሩሳሌም ሐር ሔርጽል ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፣ የታወቁትም ስማቸው ተጽፏል። እንግዲህ አስቡት፤ በተራራው ላይ ፎቶ የሌላቸው ስሞች አሉን፤ በማኅደሩ ውስጥ ስም የሌላቸው ፎቶዎች አሉን። የመጀመሪያውን ያደረገው መከራ ነው። ሁለተኛውን ያደረገው ግን አለመጠየቅ ብቻ ነው። ሳይረፍድ ሊስተካከል የሚችለውም እሱ ነው።

ለማስተካከል ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚበቃ አንድ ማትናስ ውስጥ አይቻለሁ። ለስግድ የተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ነበር። ፎቶዎቹ በደንብ ታትመዋል፣ መብራቱ ጥሩ ነው፣ ሁሉም ሥር የፎቶ አንሺው ስም አለ። ከመካከላቸው አንዲት ሴትዮ ብቻዋን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ የምትታይበት ትልቅ ፎቶ ነበር። ርእሱ «ናፍቆት» ይላል። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ፎቶውን አይተው ሳቁ።

«እማማ፣ ያውቋታል እንዴ?» አልኳቸው።

«እንዴት አላውቃት ልጄ! አምቦበር አንድ ምንጭ ነው የቀዳነው» አሉና ስሟን ከነአባቷ ነገሩኝ። «ደሞ ምን ናፍቆት አለ! ያን ቀን አዲስ ጫማ አድርጋ እግሯን ልጧት ነው። አውቶቡስ እስኪመጣ ስታማርር ነበር።»

ዙሪያችን የነበሩ ልጆች ሁሉ ተሰበሰቡ። እስከዚያ ድረስ በዚያ ፎቶ ፊት የቆመ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም አየት አድርጎ ያልፍ ነበር። ስሟ ሲታወቅ፣ ጫማዋ ሲታወቅ፣ ፎቶው ተለወጠ። ያዘነ ነገር ቀርቶበት ቀለለ ማለቴ አይደለም። አሁን በእውነት የምናያት አንዲት ሴት ሆነች፤ ቀልድ የምታውቅ፣ እግሯ የሚያማት፣ ጓደኛ ያላት። «ናፍቆት» የአዘጋጁ ሐሳብ ነበር። እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ሥነ ጥበብ መታወቂያ ወረቀት አይደለም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ኒሪት ታከለን ተመልከቱ። በ1985 ኢትዮጵያ ተወልዳ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጣች፣ ሼንካር የተማረች ሠዓሊ ናት። ሥዕሎቿ ውስጥ ያሉት ሰዎች ክብ፣ ግዙፍ፣ እንደ ሐውልት የከበዱ ናቸው፤ እነዚህን ምስሎች «ስማችሁ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ትግስት ዮሴፍ ሮን በከሰል የምትሥላቸው ፊቶችም ከትዝታ የሚወጡ ናቸው። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ሠዓሊዋ ምስሉን ራሷ ፈጥራዋለች፤ ከማንም ስም አልወሰደችም። ፎቶ ግን ሁልጊዜ ከአንድ ሰው የተወሰደ ነው። ያ ሰው እዚያ ቆሞ ነበር፣ ስምም ነበረው፤ ቢጠየቅ ይናገር ነበር። «ስሜ እንዲጻፍ አልፈልግም» ካለም መብቱ ነው፤ እንዲህ የሚሉ ሽማግሌዎችም አሉ። ተጠይቆ እምቢ ማለትና ጭራሽ አለመጠየቅ ግን አንድ አይደሉም።

ሌላ መንገድ እንዳለም ከአዲስ አበባ መማር እንችላለን። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ የከተማዋን ነዋሪዎች የቤተሰብ ፎቶዎች ከነታሪካቸው ሰብስቦ በ2018 በመጽሐፍ አወጣ። ብዙዎቹ ተራ ፎቶዎች ናቸው፤ ሠርግ፣ ምረቃ፣ ፎቶ ቤት ገብቶ በልብስ አጊጦ የተነሳ ጎረምሳ። የሚይዛችሁ የካሜራው ጥበብ አይደለም። ባለ ፎቶው ራሱ ወይም ልጁ መናገሩ ነው። እኛ ቤትስ ይኼ አልበም የለም? ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ጎንደር የተነሳ አለ፣ አዲስ አበባ ተራ ሲጠበቅ የተነሳ አለ፣ መርካዝ ክሊታ በር ላይ የመጀመሪያው ክረምት የተነሳ አለ። ከሙዚየሙ ይልቅ ይኼ መሳቢያ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የሙዚየሙን ፎቶ የሚጠብቅ ደመወዝተኛ አለው።

ስም ስል ደግሞ ጉዳዩ የመዝገብ ብቻ አይደለም። አያቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚሉ ስሞች ዝም ብለው አልወጡም፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ ልጅ በፊት አንድ ሰው ሞቷል፣ ልጁ ካሳ ሆኖ፣ ምትክ ሆኖ፣ ሐዘን ማስረሻ ሆኖ መጥቷል። የአንድ ቤት ታሪክ በአንድ ቃል ማለት ነው። እዚህ ሲመጡ ብዙዎች የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፣ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ፣ ወንድማማቾችም ሳይቀሩ በተለያየ ስም ተመዘገቡ። ስለዚህ አሮጌ ፎቶ ላይ ያለን ሰው ማግኘት የምንፈልግ ከሆነ አንድ ስም አይበቃም፤ እዚያ የተጠራበትም እዚህ የተጠራበትም ያስፈልጋል። ይኼን ሁለቱንም የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ፎቶው መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ እነሱ ግን አይቆዩንም።

ስለዚህ ኤግዚቢሽን ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ። አያታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል» ቢሉም ለምኗቸው። የሚያውቁት ፊት ካገኙ ስሙን እዚያው ጻፉና ለአዘጋጁ ስጡ፤ ማኅደር ውስጥ ያያችሁት ከሆነ ለማኅደሩ ጻፉ። ፎቶ የምታነሱ ደግሞ አላችሁ፣ በስልክም ቢሆን፤ መጀመሪያ ሰላም በሉ፣ ስም ጠይቁ፣ ከዚያ አንሱ። ፎቶው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይዘገይባችሁም፤ ምናልባትም ሰውዬው ዓይኑን ገልጦ ያያችኋል።

ቤት ያለውን አልበም ለሰንበት ማግስት ቀጠሮ ያዙለት። ለስላሳ እርሳስ ይበቃል፤ እስክሪብቶ ፎቶውን ያበላሻል። ከጀርባው፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫኑ ጻፉ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ መንደር፣ ዓመት። በአማርኛ መጻፍ የማትችሉ በዕብራይስጥ ጻፉት። ፊደሉን የልጅ ልጆቻችሁ ይፈታሉ፤ ያልተጻፈውን ግን ማንም ሊፈታው አይችልም።