ደሙ ከየትኛው በግ ይቀዳ?

የእንስሳን ጂኖም ለማንበብ የሚያቅድ ባለሙያ ጥበቡ የሚለየው እንስሳውን ሲመርጥ ነው። በግ ከእናቱ 27፣ ከአባቱ 27 ክሮሞሶም ይወርሳል፤ ሁለቱ ቅጂዎች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ጂኖሙን የሚያነበው ማሽን የሚያወጣው ቁርጥራጭ ስለሆነ፣ ሲገጣጠም የእናት ከአባት ይደበላለቃል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ለታተመው የከብት ጂኖም የተመረጠችው ዶሚኔት የተባለች የሄርፎርድ ላም ናት። ከሥጋ ዘመዳሞች ስለተወለደች ሁለቱ ቅጂዎቿ በብዙ ቦታ አንድ ዓይነት ነበሩ። ብልህ ምርጫ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን በ2018 የመጣው ተቃራኒው ሐሳብ ነው። ተመራማሪዎቹ እጅግ የተራራቁ ወላጆች ያሉት፣ የአንገስና የብራህማን ድቅል የሆነ የጥጃ ፅንስ ወሰዱ። በአንዱ ወላጅ ብቻ የሚገኙትን የዲኤንኤ ፊደል ቅንጅቶች መዝግበው፣ የፅንሱን ረጃጅም ቁርጥራጮች ገና ሳይገጥሟቸው የእናትን ለእናት፣ የአባትን ለአባት ለዩ። ጤፍና ስንዴ የሚለየው ሳይፈጭ ነው! ከአንድ እንስሳ ሁለት ጂኖም ተገኘ።

ይህ ዘዴ በወሎ ላሉት ለሐይቅና ለአምባሰል በጎች የተሠራ ይመስለኛል። ሰሎሞን ግዛው በ2008 የዶክትሬት ጥናታቸው የወሎን በግ ባለ አጭር ላት ከሆኑት፣ የአፋርን ደግሞ ስቡን በዳሌው ከሚሸከመው ወገን መድበዋል። ዓለም መመሳከሪያ ያደረጋቸው የቴክሰልና የራምቡዬ በጎች ግን ላት የሌላቸው ናቸው፤ የእኛ በግ ጂኖም በእነሱ ላይ ሲነበብ፣ እነሱ ዘንድ የሌለው ክፍል ቦታ አጥቶ ይቀራል። የአምባሰል እናት በግና የአፋር አውራ የወለዱት አንድ ግልገል ሁለቱንም ወገን ሊሰጠን ይችላል።

ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገበያ የወጣ በግ አይሆንም፤ ወላጆቹ አይታወቁም። በወል ግጦሽ ላይም የግልገል አባት የቱ እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር ይቸግራል። ስለዚህ እናቲቱ ሳትጠቃ ተለይታ ከተመረጠው አውራ ጋር ብቻ ትቆያለች፤ ከዚያ አምስት ወር ገደማ መጠበቅ ነው። ባለቤቷም ከመጀመሪያው አንስቶ የምክሩ ተካፋይ መሆን አለበት፤ የበጎቹን ዘር ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ግልገሉ ጠንከር ሲል ከሦስቱም ደም ይቀዳል። የአንገት ጸጉር ይላጫል፣ አውራ ጣት ደም ሥሩን ተጭኖ ሲያሳብጠው መርፌው ይገባል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ያለበት ብልቃጥ ቀስ ተብሎ ይገለበጣል፣ ይመለሳል። አይናጥም፤ መናጥ ረጅሙን ዲኤንኤ ይበጣጥሳል፣ ረጅም ቁርጥራጭ ከሌለ ደግሞ የእናትንና የአባትን መለየት አስቸጋሪ ነው። ብልቃጡ ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጣል፤ ሦስቱም በጎች ወደ በረታቸው ይመለሳሉ።