ማዕዱን ማን አቀረበ? ስለ «የሎጃኬትስ» አንድ ክፍል የቀረበ አስተያየት

«የሎጃኬትስ» አሽሊ ላይልና ባርት ኒከርሰን የደረሱት፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ2021 ጀምሮ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ ተከታታይ ድራማ ነው። ታሪኩም በ1996 ከኒው ጀርሲ ለውድድር ወደ ሲያትል ሲበር አውሮፕላኑ በካናዳ ዱር ስለ ወደቀበት የልጃገረዶች የእግር ኳስ ቡድን ይተርካል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድራማውን በሙሉ መመርመር ሳይሆን፥ በ2023 በታየው በሁለተኛው ዙር ሁለተኛ ክፍል ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው። ይኸውም፥ ድራማ ሰው በረኀብ ተገድዶ የሠራውን ሲያሳይ፥ ውሳኔው የማን እንደ ሆነ የማሳየት ግዴታ አለበትን? የሚል ነው።

ድርጊቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። የቡድኑ አምበል ጃኪ ከልብ ወዳጅዋ ከሾና ተጣልታ ከቤት ውጭ ባደረችበት ሌሊት በረዶ ጥሎ ሞታለች። መሬቱ በውርጭ ስለ ጠነከረ መቅበር አልተቻለም። ሾና ሬሳውን ሥጋ ከሚቀመጥበት ጎጆ አኑራ እንደ ሕያው ታነጋግረዋለች፤ ፊቱንም ትኳኩለዋለች። ጓደኞችዋ ይህን ባዩ ጊዜ ሬሳው እንዲቃጠል አደረጉ። ሌሊት ግን ከዛፍ ላይ የተናደ በረዶ እሳቱን አዳፈነውና ሬሳው በመቃጠል ፈንታ ተጠበሰ። ልጆቹ በጥብሱ ሽታ ነቅተው ወጡ። ሾና ጃኪ ራስዋ ይህን ትፈልጋለች አለች፤ በሉም።

በዚያች ደቂቃ ትርኢቱ ለሁለት ይከፈላል። ባንድ በኩል በብርድ የገረጡ ልጆች ሥጋውን በእጃቸው ይቦጫጭቃሉ፤ በሌላው በኩል እነዚያው ልጆች የጥንት ግሪኮችን ልብስ ለብሰው፥ ፍሬና ጥብስ በሞላበት ገበታ ዙሪያ ይጋበዛሉ። ይህን ገበታ ከንቱ ጌጥ ነው ብሎ የሚነቅፍ ተመልካች ይኖራል። በእኛ አስተያየት ግን ነቀፋው ትክክል አይደለም። ሰው የሚያፍርበትን ሥራ ሲሠራ ለራሱ የሚነግረው ውሸት በዚህ ገበታ ላይ ተሥሏል። እግሩን በአደጋው ያጣው ረዳት አሠልጣኝ ቤን ስኮት ሳይበላ ከበር ቆሞ ያያል፤ በርሱ ዐይን ገበታ የለም። ውሸቱን ውሸት የሚያሰኘው ይህ አንድ ምስክር ነው።

ድካሙ ከበረዶው ላይ ነው። በጥቅምት 13 ቀን 1972 የኡራጓይ የራግቢ ተጫዋቾችን የያዘ አውሮፕላን በአንዲስ ተራራ ወድቆ፥ ከ45ቱ ሰዎች 16ቱ ብቻ ከ72 ቀን በኋላ ድነዋል። እነዚያ ወጣቶች ነገሩን ተከራክረውበት፥ የሞተው ለቀረው ምግብ እንዲሆን እርስ በርሳቸው ፈቃድ ተሰጣጥተው ነው የበሉት። በድራማው ግን የሚያበስለው ዕድል ነው፤ ክርክሩም የሾና አንዲት ቃል ብቻ ናት።

እርግጥ፥ ልጆቹ ኋላ ዱሩ ይመግበናል ብለው ለሚያምኑት እምነት መነሻው ይህ በረዶ ነው የሚል መልስ ይቻላል። መልሱ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ልጆቹ ቢያምኑ ተመልካቹም አብሮ እንዲያምን መገደድ አልነበረበትም። የዳኑት ሴቶች ከ25 ዓመት በኋላም ምስጢሩን ሲደብቁ እናያለን። ማዕዱን ያቀረበው ዱሩ ከሆነ፥ የሚደብቁት ምንድር ነው?

የዚህ መልስ ያለው ከዚህ ክፍል በፊት ባለው ክፍል ነው። በዚያ ሾና ብቻዋን በጎጆው ሳለች፥ ከሬሳው የተሰበረውን ጆሮ ወደ አፍዋ ታስገባለች። በዚያ ገበታም በረዶም የለም፤ የነቃች አንዲት ልጅና እጅዋ ብቻ አሉ። ያች ትንሽ ትርኢት ከትልቁ ግብዣ ይልቅ የምትከብደው ስለዚህ ነው።

«የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» እንደሚባለው፥ ጠግበን የምናድር ተማሪዎች በልጆቹ ላይ ልንፈርድ አይገባንም። ነቀፋችን በደራሲዎቹ ላይ ነው፤ ምርጫውን ከልጆቹ እጅ ወስደው ለዛፍ ሰጥተውታልና።