ልዑሉ፣ ጥላውና የእኛ «ደጉ ዘመን»

ባለፈው ዓመት በወጣቶች ኅብረት ስለ ስልክ ጌሞች ሳስተምር፣ ሳላስብበት «በእኛ ጊዜ ጌም እንኳ ጨዋ ነበር» ብዬ ተናገርኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና «ጋሼ፣ እናንተ ምን ነበር የምትጫወቱት?» አለኝ። «ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ» አልኩት፣ በኩራት። «ምን ይደረግበታል?» አለ። አንድ ልዑል ከእስር ቤት አምልጦ፣ ወጥመዱን ሁሉ ዘሎ፣ ዘበኞቹን አንድ በአንድ በሰይፍ እየገደለ... ብዬ ሳልጨርስ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ስለዚህ ከሃያ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ጌሙን ፈልጌ እንደገና ተጫወትኩት። ሠሪው ጆርዳን ሜክነር በወጣትነቱ ይጽፈው የነበረውን፣ ኋላም ስለ ጌሙ አሠራር በሚል ያሳተመውን የዕለት ማስታወሻም ጎን ለጎን አነበብኩ። ይህ ጽሑፍ ከሁለቱ የተገኘ ነው።

ለማታውቁት፦ ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ የተሠራውም አፕል ቱ ለሚባለው ኮምፒውተር ነበር። አፕል ቱ በ1977 ገበያ ላይ ውሎ ወደ ብዙ አሜሪካውያን ቤቶችና ትምህርት ቤቶች የገባ ማሽን ነው። እንግሊዞች ደግሞ ከ1982 ጀምሮ ዜድ ኤክስ ስፔክትረም ነበራቸው። ጌም የሚጭኑት ከቴፕ ካሴት ነበር፤ ካሴቱ ሲጫን የሚያሰማውን ጩኸት ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ሲሰሙት ሆዳቸው የሚባባ አሉ። እኛ ጋ የደረሰው በ1990 የወጣው የዶስ ቅጂ ነው፤ ያውም ከሰባት ስምንት ዓመት በኋላ፣ ሌላው ዓለም ከጨረሰው ወዲያ። ናፍቆታችን ራሱ ሰልባጅ ነው ማለት ይቻላል።

የምንጫወተው ሰፈራችን ባለ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ውስጥ ነበር። ማታ ተማሪዎቹ ሲወጡ፣ ባለቤቱ ለግማሽ ሰዓት ሁለት ብር እያስከፈለ ሕፃናትን ያስገባ ነበር። ከታላቅ ወንድሜ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቀን እንቀመጣለን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በጌሙ ውስጥ ልዑሉ ልዕልቷን ለማዳን ያለው ጊዜ 60 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የምር 60 ደቂቃ፣ በግድግዳ ሰዓት የሚቆጠር። ሲሞት ደረጃውን ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ያለፈው ደቂቃ ግን አይመለስም። እኛ የምንከፍለው ለ30 ደቂቃ ነው። ጌሙን ካለበት አቁሞ ማስቀመጥ እንደሚቻል የነገረን አልነበረም። ስለዚህ ለሁለት ዓመት ያህል የአንድን ቤተ መንግሥት የመጀመሪያ ግማሽ ስንጫወት ኖርን።

አሁን ስጫወተው መጀመሪያ የገረመኝ የሰውየው ክብደት ነው። ይሮጣል፣ ግን ወዲያው መቆም አይችልም፤ እግሩ ትንሽ ይንሸራተታል። ገደል ጫፍ ላይ በጣቶቹ ሲንጠለጠል የራሴ ትከሻ ይደክማል። ሜክነር ይህን ያገኘው ታናሽ ወንድሙን ዴቪድን ነጭ ልብስ አልብሶ፣ ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀርጾ፣ ከምስሉ አንድ በአንድ በመቅዳት ነው። የሰይፉን ፍልሚያ ደግሞ በ1938 ከወጣው የሮቢን ሁድ ፊልም የመጨረሻ ትዕይንት ወሰደ። ሙዚቃውን የደረሰው አባቱ ነው። ይህንን ካነበብኩ በኋላ ልዑሉን እንደ ልዑል ማየት አቃተኝ፤ ታላቅ ወንድሙ «እንደገና ዝለል» እያለ የሚያለፋው ጎረምሳ ሆኖ ይታየኛል።

ክብደት ስላለው ሞቱም ይከብዳል። ከወለል ብቅ የሚለው ጦር ሲወጋው፣ እንደ መቀስ የሚገጥመው ስለት ለሁለት ሲቆርጠው ደሙ ይታያል። «ጨዋ» ያልኩት ይህንን ነው። ትዝታዬ ውስጥ ዝላዩ ነበር፤ ደሙ አልነበረም።

የጌሙ ትልቁ ነገር ግን ጥላው ነው። ሜክነር ሥራውን ሲጀምር ልዑሉ የሚታገለው ከወጥመድ ጋር ብቻ እንዲሆን ነበር የፈለገው። ቶሚ ፒርስ የምትባል የሥራ ባልደረባው ግን ጌሙ ተቃዋሚ እንደሚያንሰው ደጋግማ ነገረችው። እርሱም የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ሞልቷል፣ ለአዲስ ሰው የሚሆን ቦታ የለም እያለ ተከራከረ። በመጨረሻ መፍትሔው ከዚያው ከእጥረቱ መጣ፤ የልዑሉን ምስል ትንሽ ገፋ አድርጎ በራሱ ላይ ሲደርበው የሚያብረቀርቅ መንፈስ መሳይ ሰው ተፈጠረ፣ ያለ ተጨማሪ ሥዕል። በአራተኛው ደረጃ ልዑሉ መስተዋት ሰብሮ ሲዘል ይህ ጥላ በሌላው በኩል ይወጣል። በአምስተኛው መድኃኒቱን ቀድሞ ይጠጣበታል። በስድስተኛው በር ዘግቶ ገደል ይከተዋል።

በአሥራ ሁለተኛው ደረጃ ሰይፍ ይመዛል። እኔና ወንድሜ እዚያ የደረስነው በአቋራጭ ነው፤ አንድ ትልቅ ልጅ ጌሙ ሲከፈት «ሜጋሂት» የሚል ቃል መጨመር አስተምሮን ደረጃ እየዘለልን ሄድን። ጥላውን መታነው፤ የእኛ ደም ቀነሰ። ደግመን መታነው፤ እንደገና ቀነሰ። ገደልነው፤ ሞትን። ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብለን ባለቤቱን ጠራነው። መፍትሔው ሰይፍን ወደ አፎቱ መመለስ ነው፤ ያን ጊዜ ጥላውም ይመልሳል፣ ተያይዘው አንድ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ልዑሉ ባዶ በሚመስለው ገደል ላይ ሲሮጥ ወለሉ ከእግሩ ሥር እየተፈጠረ ይሄዳል። ይህንን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። ስብከት ሊወጣው እንደሚችል አይቻለሁ፤ አልሞክርም። ጌሙ ያለ ምንም ማብራሪያ፣ ያለ አንድ ቃል፣ ሲመታ የኖረ ጣት እንዲያርፍ ብቻ ይጠይቃል። ስብከት ቢጨመርበት ይበላሻል።

ድካሙንም ልናገር። ልዕልቷ ከክፍሏ አትወጣም፤ አሸዋው ሲያልቅ ወይ ጃፋርን ታገባለች ወይ ትሞታለች፤ ከእርሷ የምናየው ሥራ በስምንተኛው ደረጃ በር የምታስከፍት አይጥ መላክ ብቻ ነው። «ፐርዢያ» የተባለውም የፊልምና የተረት አገር እንጂ የእውነት ሰዎች የኖሩበት አይመስልም።

ወደ ማስታወሻው ልመለስ። ከጌሙ ይልቅ ያንን እንድታነቡት እመክራለሁ፣ እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም። ሜክነር ጌሙን ለአራት ዓመት ያህል ሲሠራ ብዙ ጊዜ ጥሎት ወደ ፊልም ጽሑፍ ሊሄድ ያስባል፤ ለወራትም ይተወዋል። ከወጣ በኋላም መጀመሪያ ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። እነዚያን ገጾች የጻፈው ሰው ጌሙ ዝነኛ እንደሚሆን አያውቅም። ትዝታ ግን መጨረሻውን አውቆ ነው የሚጀምረው። ለዚህ ይመስለኛል የመክብብ ጸሐፊ፣ በ7፥10፣ የቀድሞው ዘመን ለምን ከዛሬው ተሻለ ብሎ መጠየቅን ከጥበብ የማይቆጥረው።

አሜሪካ ላለው ወንድሜ ደወልኩለትና «ታስታውሳለህ፣ ምን ዓይነት ደግ ጊዜ ነበር» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «አንተ ኪቦርዱን ነክተህ ታውቃለህ?» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጫወተው እርሱ ነው፤ የእኔ ሥራ የቀረውን ደቂቃ መቁጠር ነበር። እንደማለቅስም አስታወሰኝ። «ብሩንስ ከየት እናመጣ ነበር?» አለ። እናታችን ለዳቦ ከምታስቀምጠው ነበር፤ ጎድሎ በተገኘ ቀን የተገረፈው እርሱ ብቻ ነው። እኔ ዝም አልኩ። ይህንን ከጭንቅላቴ አውጥቼ ነበር፣ ፈጽሞ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሳቀና «ሰዓቱ አልፎብሃል» አለኝ፤ ከዚያ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን።

በሚቀጥለው ሳምንት ለክፍሉ ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ስለ ስልክ ጌሞች ያልኩትን ሁሉ አላነሣሁም፣ «በእኛ ጊዜ» የምትለዋን ግን አነሣሁ። ያ ልጅ ጌሙን ስልኩ ላይ አግኝቶት ኖሮ ከትምህርት በኋላ መጣና «ጋሼ፣ ከመስተዋቱ የወጣው ሰውዬ ማነው?» አለኝ። ስንተኛ ደረጃ እንደደረሰ ጠየቅሁት። ገና አራተኛ ነው። አልነገርኩትም።