ወይ ፍንክች! ስለ መጉበጥና ስለ መሰበር

ቋንቋችን በመጉበጥ ላይ የፈረደው ገና ድሮ ነው። ደጉን ሰው «ቅን» እንለዋለን፣ ክፉውን «ጠማማ»። ሥራ ሲሳካ «ቀናው» ይባላል፣ ፍርድ ሲበላሽ ደግሞ «ተጣመመ»። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከነበረው የተማሪዎች ንቅናቄ የወረስናቸውን የፖለቲካ ስድቦችም እንመልከት። ተንበርካኪ፣ ወላዋይ! ሁለቱም ቀጥ ብሎ መቆም ያቃተውን ሰው የሚስሉ ናቸው። ሙገሳው ግን ዛሬም ያው አንድ ነው፦ ወይ ፍንክች!

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንጀራውን የሚበላው ነገሮች ምን ያህል እንደሚጎብጡ በማስላት ነው። በመሆኑም «ወይ ፍንክች» የሚለውን ፉከራ በሰማሁ ቁጥር እንደ ዜጋ ልቤ ይሞቃል፣ እንደ መሐንዲስ ግን እሰጋለሁ። በእኛ ሙያ ፈጽሞ የማይጎብጥ ነገር የለም። ድልድይ አንዲት ወፍ ስታርፍበት እንኳ ይጎብጣል፤ በዓይን አይታይም እንጂ። ስለዚህ አንድ ነገር ይጎብጣል ወይስ አይጎብጥም ብለን አንከራከርም። የምንጠይቀው ሸክሙ ሲነሳለት ምን እንደሚሆን ነው።

አንድ የኮንክሪት ቢም ሸክም ሲያርፍበት መሐሉ ወደ ታች ዘመም ይላል። ያን ጊዜ የላይኛው ክፍሉ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል። ኮንክሪት መጨመቅን ይችላል፣ መለጠጥን ግን አይችልም፤ ቶሎ ይሰነጠቃል። ከታች በኩል ፌሮ የምንቀብርበትም ለዚሁ ነው። እንግዲህ አንባቢ «ፌሮው በበዛ ቁጥር ቢሙ ይጠነክራል» ሊል ይችላል። እውነት አለው፤ ነገር ግን አደጋው እዚያው ላይ ነው። ፌሮው ከልክ ሲያልፍ ቢሙ እምብዛም ሳይጎብጥ ይቆይና፣ አንድ ቀን ከላይ ያለው ኮንክሪት ድንገት ደቅቆ ይወርዳል። ማስጠንቀቂያ የለውም። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት ደንብን ጨምሮ የታወቁት የሕንፃ ደንቦች በፌሮው መጠን ላይ ጣሪያ ያበጁት በዚህ የተነሳ ነው። ቢሙ ከመውደቁ በፊት በግልጽ ይጉበጥ፣ ይሰንጠቅ፣ ውስጥ ያለው ሰውም አይቶ ይውጣ ነው ነገሩ። መጉበጥ ሕንፃው «ከበደኝ» ብሎ የሚናገርበት አንደበቱ ነው።

ወደ አገር ቤት በድሪምላይነር የበረረ ሰው ከመስኮቱ የሚያየው ክንፍም ይህንኑ ይመሰክራል። ቦይንግ ይህን አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2010 ሲፈትነው፣ በአገልግሎት ዘመኑ ሊገጥመው ከሚችለው ከፍተኛ ጭነት አንድ ተኩል እጥፍ ጫነበት። ክንፉ ወደ ላይ 7.6 ሜትር ያህል ጎበጠ። አልተሰበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ ድሪምላይነርን የተረከበው በ2012 ነው። እኛ ተሳፋሪዎቹ «ወይ ፍንክች» እየተባባልን፣ ፍንክች በሚል ክንፍ አገር ቤት ደርሰን እንመለሳለን።

ስለ መጉበጥ ሲነሳ ብዙ የተማረ ሰው የሚጠቅሰው የላ ፎንቴንን ተረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 በታተመው በዚህ ተረት፣ ግዙፉ የባሉጥ ዛፍ ሸምበቆውን በአቅመ ቢስነቱ ያዝንለታል፤ ኋላ ግን አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሸምበቆው ጎንበስ ብሎ ያሳልፈዋል፣ ዛፉ ይወድቃል። ተረቱ ውብ ነው፤ ከተረቱ የሚወሰደው የተለመደ ትምህርት ግን አይዋጥልኝም። «ትንሽ ሁን፣ ዝቅ በል፣ ትድናለህ» የሚል ምክር የገዢ ምክር ነው። ደግሞም ልብ ብሎ ላነበበው ዛፉ ከወገቡ አልተሰበረም፤ የተነቀለው ከሥሩ ነው። ያቃተው ግንዱ ሳይሆን መሠረቱ ነበር። ሸምበቆውንም ያዳነው ትሕትና አይደለም። ነፋሱ ሲያልፍ ተመልሶ የሚቃና አካል ስላለው ነው።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። መጉበጥ ሁሉ አንድ አይደለም። ሸክሙ ሲነሳለት ወደ ነበረበት የሚመለስ አለ፤ እንደ ክንፉ። ከልክ አልፎ ታጥፎ በዚያው የሚቀር አለ፤ ፌራዮው ስታፋ ለመሥራት ያጠፈው ብረት እንደዚያ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ የሚበጠስ ነው። መቁረጫ ያጣ ሰው ሽቦ የሚበጥሰው እንዲሁ አይደል? ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው፣ ከነገ ወዲያ ለመጀመሪያው የሚያጎነብስ ሆድ አደር ከዚህ ሽቦ አይለይም። አንድም ጊዜ ከባድ ሸክም ሳይሸከም ይበጠሳል።

ባህላችን እነዚህን ለይቶ ያውቃል፤ የረሳነው እኛ ነን። በሰሞነ ሕማማት የሚሰግድ ምእመን ወድቆ ይነሳል፤ በሶላት ግንባሩን ምድር ያስነካ ሙስሊምም ቀና ብሎ ይቆማል። መነሳቱ የስግደቱ አካል ነው። በደጅ ጥናት ያረጀው ሰው ግን ጌታው በሌለበትም ወገቡ አይቃናም። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሌላ ሰው አለ። ጄምስ ስኮት የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመውን ስለ ሥልጣንና ስለ ስውር ተቃውሞ የሚያወራ መጽሐፍ የከፈተው በኢትዮጵያ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። ምሳሌው ታላቁ ጌታ ሲያልፍ ዝቅ ብሎ እጅ እየነሳ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በስውር ስለሚፈሳው ብልህ ገበሬ ነው። የዚያ ገበሬ ጀርባ ጎብጧል፤ ፍርዱ ግን አልጎበጠም።

ቀጥ ብሎ የመቆም ምሳሌያችን የሆነው ዓድዋ እንኳ ከመታጠፍ የጸዳ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ የተነሳ ለዓመታት በደብዳቤና በመልእክተኛ ተከራክረዋል። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ተከቦ ውሃ የተቋረጠበትን የሻለቃ ጋሊያኖን ጦር ከነመሣሪያው እንዲወጣ ፈቅደዋል። ያን ጊዜ ዲያስፖራ ቢኖር ኖሮ «ሸብረክ አሉ» ብሎ መግለጫ ባወጣ ነበር! የአገር ነፃነት የሚለው መሠረት ግን ንቅንቅ አላለም። የካቲት 23 ቀን ታየ።

አሁን ወደ ራሳችን፣ በውጭ ወደምንኖረው እንምጣ። እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 1919 በፀሐይ ግርዶሽ ወቅት የእንግሊዝ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች በፕሪንሲፔ ደሴትና በብራዚሏ ሶብራል ሆነው፣ በፀሐይ አጠገብ የሚያልፈው የከዋክብት ብርሃን እንደሚታጠፍ ለኩ። በአይንስታይን ትንታኔ ብርሃኑ ከመንገዱ አልሳተም፤ በተሰጠው ቦታ ውስጥ የመጨረሻውን ቀጥተኛ መንገድ ነው የሄደው። የጎበጠው በከባዱ አካል ዙሪያ ያለው ቦታ ራሱ ነው። ከሩቅ ሆኖ ለሚመለከት ግን መንገዱ ጎባጣ ይመስላል።

ምሳሌ ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ሆነን አገር ቤት ያለውን መምህር፣ ዳኛ ወይም ጋዜጠኛ «ተንበርካኪ» ከማለታችን በፊት፣ የሚሄደው በምን ያህል ክብደት አጠገብ እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል። ቢም ጎብጦ ሲያይ ቢሙን የሚሳደብ መሐንዲስ የለም። ቀድሞ የሚመረምረው ጭነቱን ነው፤ ማን ጫነው? ስንት ጫነው? እኛ ጭነቱ የሌለብን ቀጥ ብለን ብንቆም ምን ይደንቃል?

ፍንክች ያለማለትን ዋጋ አይተነዋል። ኢሕአፓና መኢሶን አንድ ዓይነት መጽሐፍ እያነበቡ አንዱ ለሌላው ዘንበል ሳይል ቀርቶ፣ ያ ትውልድ በቀይ ሽብር ዘመን ተሰበረ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲፈነዳም በየወገኑ «ወይ ፍንክች» ያልን ጥቂት አልነበርንም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ፈራሚዎቹ የተቀመጡበት ጠረጴዛ ከሁለት ዓመት በፊትም የሚገኝ ነበር። ልዩነቱ በመካከሉ የተቀበሩት ናቸው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ «አጎነበሰ» የተባለ ሰው ስም በመካከላችን ሲነሳ፣ ሸክሙ ሲነሳለት ተመልሶ ቀና ይል እንደሆነ አይተን እንፍረድ። እስከዚያው ግን ከቻልን ሸክሙን እናግዘው።

ቸር ይግጠመን።