የትዕይንት አሰፋፈርና ልብ ሰቀላ፤ በአንድ የሲኒማ ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

በሲኒማና በቴያትር ሙያ ከሚዘወተሩት የውጭ ቃላት መካከል «ሚዛንሴን» የተባለው የፈረንሳይኛ ቃል እስከ ዛሬ በአማርኛ የረጋ አቻ አላገኘም። ቃሉ በትዕይንት ውስጥ ለዐይን የሚቀርበውን ሁሉ፣ ይኸውም ቦታውንና ዕቃውን፣ ልብሱን፣ ብርሃኑንና ጥላውን፣ የተዋንያኑን አቋቋምና እንቅስቃሴ፣ በካሜራው ፊት የማደላደልን ሥራ ያመለክታል። የሙያ ቃል የሚፈተነው ሥራ ሲሠራበት ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ስያሜዎቹን የምንመዝናቸው በአንድ ጠባብ ጉዳይ ላይ ነው፤ ልብ ሰቃይ የሚባለው ዐይነት ፊልም በመክፈቻው፣ ገና ብዙ ሳይነገር፣ ተመልካቹን እንዴት አድርጎ ያንጠለጥለዋል? ይህን ለማስረዳት የማያገለግል ስያሜ ቢቀርብልን አንቀበለውም።

ከሁሉ በፊት ወደ አፍ የሚመጣው «ዝግጅት» ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙን የሚመራው ባለሙያ አዘጋጅ ስለሚባል፣ ተዋናይ መምረጡም፣ ልምምድ ማስያዙም፣ ከብርሃን ባለሙያው ጋር መመካከሩም ሁሉ ዝግጅት ነው፤ የሠርጉና የስብሰባው ጉድ ጉድ ሳይቀር በዚሁ ቃል ይጠራል። «ቅንብር» ከዚህ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን በሙዚቃ ውስጥ አስቀድሞ ቦታውን ይዟል፣ በፊልምም ተቀርጸው የተቆረጡትን ምስሎች አገጣጥሞ ወደ ማያያዝ ትርጉም ያዘነብላል። ይህ ቀላል እንከን አይደለም። ፈረንሳዊው ሐያሲ አንድሬ ባዜን ሳይቆራረጥ የሚታየውን ምስል ከምስል ማያያዝ አብልጦ ከተሟገተለት ወዲህ፣ ሁለቱ መንገዶች በሲኒማ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ሲያከራክሩ ኖረዋል፤ ስለዚህ ተከራካሪዎቹን በአንድ ስም መጥራት ክርክሩን ማጥፋት ነው። ሦስተኛው ምርጫ «ሚዛንሴን»ን እንዳለ በፊደላችን መጻፍ ነው። የአማርኛ ጆሮ ግን ወዲያው «ሚዛን»ን ይሰማበታል፤ ቃሉ ስለ ሚዛናዊነት የሚናገር መስሎት ትርጉም የሚያበጅለት ተማሪ ቢገኝ አይፈረድበትም። ልብ ሰቃይ መክፈቻ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ሚዛኑ በተዛባ ምስል ነው!

እንግዲህ ወደ ቃሉ ሥር እንሂድ። የፈረንሳይኛው ሐረግ ቃል በቃል ሲፈታ «በትዕይንት ላይ ማኖር» ማለት ነው። «ትዕይንት» ዛሬ ከ«ዐይን» ጋር እየተዛመደ «የሚታይ ነገር» ተብሎ ይተረጐማል፤ በግእዝ ግን ሰፈር፣ በተለይም ድንኳን የተተከለበት የጦር ወይም የጉዞ ሰፈር ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎች «ሴን» የሚሉት ቃል የተገኘበት የግሪክኛው «ስኬኔ»ም መጀመሪያ ድንኳን ማለት ነበር፤ ከተዋንያኑ በስተጀርባ ይቆም የነበረው ድንኳን ከጊዜ በኋላ የመድረኩ ስም ሆነ። እንዲህ ሲሆን «ትዕይንት»ን ለ«ሴን» አቻ ያደረገው ሰው፣ አስቦበትም ይሁን ሳያስብበት፣ ድንኳንን በድንኳን ተርጉሟል። በወንጌልም ጴጥሮስ በተራራው ላይ እንሥራ ያላቸው ሦስቱ ዳሶች በግሪክኛው የተጠሩት በዚሁ ቃል ነው፤ ተራራውም በትውፊት ታቦር መሆኑን አንባቢ ያውቃል።

ስሟን ከዚያ ተራራ የወሰደችው ደብረ ታቦር ለጉዳያችን የምትጠቅመው በስሟ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየጁ ራሶች፣ በኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ የነበረችው ይህች ቦታ፣ «ከተማ» የሚለው ቃል ገና የጦር ሰፈርነት ትርጉሙን ሳይለቅ ከተማ የሆነች ናት። በዚያ ዘመን ሰፈር ውስጥ ማንም ድንኳኑን በፈቀደው ቦታ አይተክልም። የንጉሡ ድንኳን ከመካከል፣ ሌላው እንደ ማዕርጉ በቀኝ፣ በግራ፣ በፊትና በኋላ ይሰፍራል፤ ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች፣ ፊታውራሪ የተባሉት ማዕርጎች ራሳቸው የቦታ ስሞች ናቸው። ሰፈሩን ከኮረብታ ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ማን እንደ ከበረ፣ ማን እንደ ራቀ፣ የማን ቦታ ባዶ እንደ ሆነ ሊያነብ ይችላል። ያ ባዶ ቦታ ከአዋጅ በፊት ልብ ያንጠለጥላል።

ስለዚህ የምናቀርበው ስያሜ «የትዕይንት አሰፋፈር» ነው፤ በሙያው ውስጥ ሲነገር «አሰፋፈር» ብቻ ይበቃል። «ሰፈረ» በአማርኛ ሰፈር አደረገ ማለት ነው፤ እህል ለካ ማለትም ነው። አዘጋጁም ሁለቱን ይሠራል፤ ያሰፍራል፣ ይሰፍራል፤ ምን ያህል ብርሃን፣ ምን ያህል ጨለማ፣ ከበሩ እስከ ወንበሩ ስንት እርምጃ እንደሚሆን ይለካል። «አሰፈረ» ደግሞ ሐሳብን በጽሑፍ አኖረ ማለት መሆኑ የታወቀ ነው። ሐሳብ በወረቀት ላይ ከሰፈረ፣ በትዕይንት ላይ ቢሰፍር ቋንቋው አይጐረብጠውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃል እንለፍ። «ልብ ሰቃይ» የሚለውን አንዳንዶች «ሥቃይ» ከሚለው ጋር እያገናኙ «ልብን የሚያሠቃይ» አድርገው ይረዱታል፤ በ«ሠ» የሚጽፉትም አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ከ«ገደለ» «ገዳይ» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ሰቀለ» «ሰቃይ» ይወጣል፤ ከ«አሠቃየ» የሚወጣው «አሠቃይ» ነው። ልብ ሰቃይ ማለት ልብን ከፍ አድርጎ የሚሰቅል፣ የማያወርድ ማለት ነው፤ «ልብ አንጠልጣይ»ም ይህንኑ ይደግማል። እንግሊዝኛው ለዚህ ስሜት የሚጠቀምበት «ሰስፔንስ» የመጣበት የላቲን ግሥም መስቀልን፣ ማንጠልጠልን የሚያመለክት ነውና፣ እዚህም ላይ ቋንቋችን ባለዕዳ ሆኖ አልቀረበም። «ጉጉት» ግን ለዚህ አይሆንም። የሚጓጓ ሰው ነገሩ እንዲመጣ ይሻል፤ ልቡ የተሰቀለበት ሰው ይመጣል ብሎ የሚጠብቀውን ነገር ይፈራዋል።

ስያሜዎቹን በሥራ ላይ ለማየት ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 በጀርመን የሠራውንና ስሙ «ኤም» የተባለ አንዲት ፊደል ብቻ የሆነውን ፊልም እንውሰድ። መክፈቻው በአንድ የጋራ ቤት ግቢ ነው። ልጆች ክብ ሠርተው ስለ ነፍሰ ገዳይ የሚናገር የመቁጠሪያ ግጥም እየደጋገሙ ይጫወታሉ፤ አንዲት ሴት ከላይ ሆና ትቆጣቸዋለች። አንዲት እናት ልብስ ስታጥብ ውላ ሰዓቱን ትመለከታለች፤ ልጇ ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ጊዜ ደርሷልና ሳህን ታቀርባለች። በሌላ በኩል ልጅቱ ኳሷን እያነጠረች ትመጣና ነፍሰ ገዳዩን ላስያዘ ሽልማት እንደሚሰጥ በሚናገር ማስታወቂያ ላይ ትወረውራለች፤ በዚያው ማስታወቂያ ላይ የአንድ ሰው ጥላ ያርፋል። ሰውየው ከዐይነ ስውር ሻጭ ፊኛ ይገዛላታል። ከዚያ በኋላ እናቲቱ እየተጣራች ባዶ ደረጃ፣ ልብስ የተሰጣበት ባዶ ጣራ ሥር፣ ምግብ ያልቀረበበት ሳህን፣ ከቁጥቋጦ ሥር እየተንከባለለች የምትወጣ ኳስ፣ በሽቦ ላይ የተያዘ ፊኛ ይታየናል። ግድያው አይታይም፤ ደም የለም፤ ቢላዋም የለም።

እዚህ ላይ «አሰፋፈር»ና «ቅንብር» ለየብቻቸው ሥራቸውን እንደያዙ ልብ ይሏል። በመጨረሻ ባዶዎቹን ቦታዎች በተከታታይ ያገጣጠመው ቅንብር ነው። ይሁን እንጂ ቅንብሩ ያጨደውን የዘራው አሰፋፈር ነው፤ ሳህኑ አስቀድሞ፣ በሙሉ ብርሃን፣ በእናት እጅ ባይቀመጥ ኖሮ በኋላ ባዶነቱ ምንም ባልነገረን ነበር። ጥላው በሌላ ግድግዳ ላይ ቢያርፍ ጥላ ብቻ ይሆን ነበር፤ በሽልማቱ ማስታወቂያ ላይ ስላረፈ ግን የወንጀለኛውን ስም ያህል ተናገረ። ሁለቱን ሥራዎች «ዝግጅት» ብሎ የጠራ ሐያሲ ይህን ልዩነት በምን ቃል ይገልጸው ኖሯል?

አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ውይይት ጉዳዩን በፈንጂ ምሳሌ አስረድቶታል። ከጠረጴዛ ሥር ያለ ፈንጂ ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ ለጥቂት ሰከንድ ያስደነግጣል፤ ተመልካቹ ፈንጂውን አስቀድሞ ካየው ግን ከጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች የሚያወሩት ተራ ወሬ ሁሉ ያስጨንቃል። ልብ የሚሰቀለው እንግዲህ ባወቅነው ነገር ነው። በአገራችን ፊልም ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው ግን ነገሩን መደበቅና በመጨረሻ በድንገት መግለጥ ይመስለናል።

ነገሩን በማወቅ ረገድ ከዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ የተሻለ ጉዳይ ለአማርኛ ተመልካች አይገኝም። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን እንደ ገደሉ የማያውቅ ተመልካች ወደ አዳራሹ አይገባም። ብዙ ሰው ታሪኩን ከመቅደላው ተኩስ ሊጀምር ይከጅላል፤ እኛ ግን መክፈቻው ከደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ከጋፋት ቢሆን እንመርጣለን። ዋልድማየርን የመሳሰሉት አውሮፓውያን መልእክተኞችና የእጅ ባለሙያዎች በንጉሡ ትእዛዝ መድፍ ያቀልጡ የነበረው በዚያ ነው፤ 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖልም እ.ኤ.አ. በ1867 የተሠራው በዚያው ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ መድፉን እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ፤ የደረሱትም ከወራት በኋላ በመጋቢት ነው።

ይህ መክፈቻ እንዴት ይሰፍራል? ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና የሚወርደው ጉም አዘጋጁን መፈታተኑ አይቀርም፤ ጉም ግን የሚያገለግለው ለድንጋጤ ነው፣ ለእኛ ጉዳይ ጥርት ያለ የደጋ አየር ይሻላል። ከፊት ለፊት በመሬት ውስጥ የተቀበረው የመድፉ ቅርጽና ምድጃው ይታዩ። ንጉሡ ከመካከል፣ በቀላል ልብስ፣ ፊታቸው በእሳቱ ብርሃን በአንድ ወገን ብቻ በርቶ ይቀመጡ። ባለሙያዎቹ ከግራ ይቁሙ፤ አንዱም ወደ ንጉሡ አይመልከት፣ ሁሉም እጃቸውን ይመልከቱ። ከቀኝ፣ መንኰራኵሩ አዲስ የሆነ ባዶ ጋሪ፣ መንገድ ወደሌለበት ወደ ምሥራቁ ተራራ ዞሮ ይቁም። ከሁሉ በስተኋላ፣ በሩቁ፣ ጭስ በቀስታ የሚወጣባቸው የደብረ ታቦር የሣር ክዳን ቤቶች ይታዩ፤ ከአንዲቱ ደጃፍ አንዲት ሴት እህል ታስጣ። ቃል አያስፈልግም፣ የእንጉርጉሮ ዜማም አያስፈልግም። በምስሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ መድፉ ይሠራ እንደ ሆነ ይጨነቃሉ፤ መድፉ እንደሚሠራ የሚያውቀው ተመልካች ግን ዐይኑ ከሣር ክዳኑና ከባዶው ጋሪ አይነሣም። ጋሪው ለእኛ የላንግ ሳህን ነው።

በስያሜያችን ላይ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው «የሕዝብ አሰፋፈር» የሚለው የጂኦግራፊ አገላለጽ ነው፤ ይህ በዐውዱ ስለሚለይ ብዙ አያሳስበንም፤ «ሥር» የዛፍም፣ የቃልም፣ የሒሳብም ሆኖ ይኖራልና። ሁለተኛው ይበልጥ ያስቸግራል። ከ«አሰፋፈር» ተነሥቶ ሥራውን የሚሠራውን ሰው «ሰፋሪ» ማለት አይቻልም፤ ቃሉ ከመሬትና ከሠፈራ ጋር የተያያዘ ሌላ ታሪክ አለው። ስለዚህ ባለሙያው እንደ ቀድሞው «አዘጋጅ» እንደ ተባለ ይቆይ፤ ግሡም «አሰፈረ» ይሁን። ለመዝገበ ቃላት የምናቀርበው ፍቺ የሚከተለው ነው፦ የትዕይንት አሰፋፈር፤ በቴያትር ወይም በፊልም፣ ቦታን፣ ዕቃን፣ ልብስን፣ ብርሃንን፣ የተዋናይን አቋቋምና እንቅስቃሴ ለአንድ ትርጉም አስማምቶ ማኖር።

በዚህ ፍቺ ውስጥ ድምፅን አላስገባንም። በላንግ ፊልም ነፍሰ ገዳዩ የሚታወቀው በፉጨቱ ነው፤ ፉጨቱም ከጥላው ባላነሰ ቦታው ተመርጦ የተቀመጠ ነው። ድምፅን በአሰፋፈር ሥር እናግባው ወይስ ለብቻው ስም እናውጣለት የሚለውን የድምፅ ባለሙያዎች ቢሳተፉበት መልካም ነው።