የትርፍ ሰዓት ሥራ፦ ሕጉ ያልመዘነው የጤና ዋጋ

የሥራ ሰዓት ርዝመት በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ በአመዛኙ የክፍያ ጉዳይ ሆኖ ይታያል። ጉዳዩ የጤናም መሆኑን ለመረዳት ሁለት አዋጆችን ማነጻጸር ይበቃል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ወስኖ፣ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ2፣ በወር ከ20፣ በዓመት ከ100 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሰዓት ሳይነካ የትርፍ ሰዓቱን ጣሪያ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት አደረሰው፤ የወሩና የዓመቱ ገደብም ቀረ። በምትኩ የቀን ትርፍ ሰዓት ክፍያ ከ1.25 ወደ 1.5 እጥፍ፣ የሌሊቱ ከ1.5 ወደ 1.75 እጥፍ ከፍ አለ። በሌላ አነጋገር፣ የሠራተኛው ኪስ ሲታሰብለት አካሉ ተዘነጋ።

ስሌቱ ግልጽ ነው። 48 መደበኛና 12 ትርፍ ሰዓት ሲደመሩ በሳምንት 60 ሰዓት ይሆናሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2013 ዓ.ም. በጋራ ባወጡት ግምት መሠረት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በአንጎል ደም ሥር አደጋ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድሉ በ17 በመቶ ይጨምራል። እንግዲህ ሕጉ የፈቀደው ጣሪያ ጉዳት ከታየበት መጠን 5 ሰዓት ይበልጣል።

ሕጉ ትርፍ ሰዓትን የሚፈቅደው ለአደጋ፣ ለአስቸኳይ ሥራ ወይም የቀረ ሠራተኛን ለመተካትና ለመሳሰሉት ብቻ ነው ተብሎ ሊሞገት ይችላል። ሆኖም በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በሺንሺቾ ጥቂት ሠራተኞች ባሉት ሆቴል፣ መድኃኒት ቤት ወይም የግል ክሊኒክ አንድ ሰው ሲቀር ሸክሙ በቀሩት በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ይወድቃል። ሠራተኛውም ኑሮ ስለሚከብደው ትርፍ ሰዓቱን ራሱ ይፈልገዋል። የዓመት ገደብ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የተቸገረ ሰው ዕረፍቱን ከመሸጥ ወደኋላ አይልምና።

ጉዳቱ በልብና በደም ሥር ብቻ አይወሰንም። የዕረፍት ማጠር እንቅልፍን ያዛባል፤ ብስጭትን፣ ትኩረት ማጣትንና የመንፈስ ጭንቀትን ያስከትላል። ለ17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው የሥራ ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። ከተረኝነት ወደ መደበኛ ሥራ ሳያርፍ የሚሻገር የጤና ባለሙያ ይህን በራሱ ላይ ያውቀዋል፤ መዘዙም ለታካሚው ይተርፋል።

ስለዚህ የዓመቱ ገደብ ወደ ሕጉ ሊመለስ ይገባል። እስከዚያው ግን የጤና ባለሙያው ሊሠራው የሚችለው አለ። የደም ግፊት፣ የማያቋርጥ ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመም ወይም እንቅልፍ ማጣት ይዞ የመጣን ሠራተኛ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ የሌሊት ተራ እንዳለበትና መቼ እንዳረፈ ጠይቆ መልሱን በካርዱ ላይ ማስፈር ይኖርበታል። ያልተጠየቀና ያልተመዘገበ ድካም ለሕግ አውጪ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።