ባለቤት ያጣ ሜዳ፤ ስለ ጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና ስለ ግቢያቸው የቀረበ ሒስ

በአዲስ አበባ ያረጁ ሠፈሮች ፈርሰው በአዲስ ሲተኩ ክርክሩ ብዙ ጊዜ በሁለት ወገን ይቆማል። አንደኛው ወገን መሬት ውድ ስለ ሆነ በአንድ ሄክታር ላይ የተቻለውን ያህል ብዙ ቤት ይሠራ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ሰው ተጨናንቆ መኖር ስለማይገባው ሰፊ ክፍት ቦታ ይተውለት ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ስለ መጠን ተከራከሩ እንጂ ስለ አኗኗር አልጠየቁም። የክፍት ቦታ ጥቅም የሚታወቀው በስፋቱ ሳይሆን ማን እንደሚሠራበትና ማን እንደሚጠብቀው ነው፤ የዚህች አጭር ጽሑፍ አሳብም ይኸው ነው።

አስቀድመን ለሚገባው ምስጋና እንስጥ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ በቀበሌ እጅ የገቡት ቤቶች ኪራያቸው እጅግ ዝቅተኛ ስለ ነበረ ለእድሳት የሚበቃ ገንዘብ አላስገኙም። ጭቃው ረገፈ፤ ቆርቆሮው ዛገ፤ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ መጸዳጃ ቤት ተዳበለ። የድሮው ሠፈር እንዳለ ይቈይ የሚል ሰው ቢኖር ክረምቱን እዚያ አላሳለፈም ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ለአንድ ቤተ ሰብ የራሱን መጸዳጃና የራሱን ቁልፍ መስጠቱ ቀላል ነገር አይደለም።

የሆነ ሆኖ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው ሕንፃዎች በቆሙበት በልደታ የተዘዋወረ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። በሕንፃና በሕንፃ መካከል ቦታ አለ፤ ግቢ ግን የለም።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ በቍጥር እንመልከተው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ይህን ያህል ወለል ባለ አንድ ደርብ ቤት ቢሠራ መሬቱን ፈጽሞ ይሸፍነዋል። ያንኑ ወለል አምስት ደርብ አድርገን ብንደራርበው ግን 2,000 ካሬ ሜትር ብቻ ይይዛል፤ 8,000ው ይተርፋል። በወረቀት ላይ ይህ ታላቅ ትርፍ ነው። ነገር ግን ሕንፃዎቹ አንድ ዓይነት ሆነው በተርታ ሲቆሙ የተረፈው መሬት ይበጣጠሳል፤ ከፊሉ የመኪና ማቆሚያ፤ ከፊሉ መተላለፊያ፤ ከፊሉ ጭቃ ሆኖ ይቀራል።

የድሮው ግቢ ጠባብ ቢሆንም በርበሬ ይሰጣበት፤ ቡና ይፈላበት፤ ሐዘን ሲደርስ የእድሩ ድንኳን ይተከልበት ነበር። ማን እንደሚጠርገውም ይታወቅ ነበር። ዛሬ በአራተኛው ፎቅ ያለች እናት በርበሬዋን የት ታስጣ? ታች የሚጫወተውን ልጇንስ በየትኛው መስኮት ትጠብቅ? ነዳፊዎቹ ይህን ፈጽሞ አልዘነጉትም፤ ለእርድ፤ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆኑ የጋራ ቤቶችን ሠርተዋል። ይሁን እንጂ እነዚህ ቤቶች ከደረጃው ርቀው ስለ ቆሙና የሁሉም ስለ ተባሉ በአንዳንድ ሠፈር ለሌላ አገልግሎት ውለዋል።

በውጭ አገርም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቷል። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ሚኖሩ ያማሳኪ የነደፈው ፕሩት አይጎ 33 ባለ 11 ፎቅ ሕንፃዎች ነበሩት። በ1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ከ1972 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ፈረሰ። ኦስካር ኒውማን በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጥፋቱን ማንም «የእኔ» በማይለው መተላለፊያና ሜዳ ላይ አደረገ። ሌሎች ግን ድህነትን፤ የዘር መለያየትንና ለጥገና የሚውል ገንዘብ ማነስን በማስረጃ አቅርበው ተቃወሙት። እኛም ተቃውሞውን እንቀበላለን፤ ንድፍ ብቻውን ሠፈርን አያድንም። ሆኖም ነዋሪ ለመጠበቅ የሚፈልገውን ቦታ እንኳ እንዳይጠብቅ የሚያደርግ ንድፍ መኖሩን ይህ ተቃውሞ አያስተባብልም።

አንዳንዶች ለዚህ ሕግ አለ ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር የጋራ የሆነውን እንዲያስተዳድር ደንግጓል። ነገር ግን ወሰኑ ያልታወቀ ሜዳ ለማኅበሩም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ የቤቱን ቍጥር መቀነስ አይደለም። ሕንፃዎቹ በተርታ መቆማቸው ቀርቶ ግቢን ከበው ይቁሙ፤ የየደረጃው በር ወደዚያው ግቢ ይከፈት፤ አንዱ ግቢ ለጥቂት ደረጃዎች ብቻ ይሁን፤ ምድጃውና የልብስ ማጠቢያውም እዚያው ይግቡ። በአዲስ አበባ ተዳፋት ላይ ይህ አቀማመጥ የመሠረቱን ወጪ ሊጨምር እንደሚችል እናውቃለን። ይሁን እንጂ ሰው የማይጠቀምበት ሜዳም መሬት የተከፈለበት ወጪ ነው፤ በሒሳቡ ውስጥ ግን ተጽፎ አላየነውም።

ጉዳዩ ያለፈ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፤ በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሠፈር ተዛውረዋል። አብረው ይኖሩ የነበሩ ጎረቤቶች ሲለያዩ አዲስ ጉርብትና የሚጀምሩት ከደጃፋቸው ባለው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ነገ ነዳፊ የሚሆኑ ጓደኞቻችንንና መምህሮቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። በፕላኑ ላይ ባዶ ሆኖ በሚታየው በእያንዳንዱ ቦታ ላይ፤ ከስፋቱ አጠገብ፤ ማን እንደሚጠርገው ይጻፍ። መልስ የሚታጣለት ቦታ ቢገኝ ፕላኑ ገና አላለቀም።